እሺ ማለት ያልተፈቀደላት ሴት እምቢ ስትል ማን ይሰማታል? (ስለ ለከፋ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ)

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ናት። አንዱ አጎቴ ነው፤ «አንብቢው፣ እውነቱን ነው የተናገረው» የሚል መልእክት አያይዞበታል። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ጨዋ ሰው ይመስሉኛል፤ አማርኛቸውም ያምራል። በከተማችን ሴት ልጅ በሰላም መንገድ መሄድ እንዳቃታት ያዝናሉ። ሐዘናቸው የእውነት ነው ብዬ አምናለሁ። የችግሩ ምንጭ ላይ ግን ተሳስተዋል። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳባቸው ባጭሩ ይኸው። ድሮ ለከፋ አልነበረም። ባህላችን በወሲብ ነገር ጭምት ስለነበር ሴት ትከበር ነበር፤ ሰፈርም ይጠብቃት ነበር። በኋላ የውጭ ፊልም መጣ፣ ቲክቶክ መጣ፣ ነውር ጠፋ። ልጃገረዶች አለባበሳቸውን ለወጡ፤ ወንዱም ተፈተነ። ያም ሆኖ ለከፋ ከሚባለው አብዛኛው አድናቆት ነው፤ ሁሉን ነገር ትንኮሳ ማለት በዝቷል። ግልጽነት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ባልታመሰች ነበር። ስለዚህ ልጆች ስለ ወሲብ ይማሩ የሚሉትን አንስማ፤ ወደ ጭምትነታችን እንመለስ። ያሉት ይህን ነው። ያጣመምኩባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከሚያስማማን ልነሳ። ሰፈር ልጃገረድን ይጠብቅ ነበር ያሉት ልክ ነው። እኔ ያደግሁት በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ነው። ግቢያችን በር አጠገብ ጉሊት የሚቸረችሩ እናት ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ጎረምሳ ከኋላዬ ከተከተለ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «አንተ! የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ሌላ ነገር አይጨምሩም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። የማን ልጅ እንደሆነ ከታወቀ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዙሪያ ሰፈሮች ሲፈርሱ እኚያ እናትም ተነሱ፤ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ። አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ደማቅ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ግን የለም። ይህ ትልቅ ነገር መጉደሉን እኔም አምናለሁ።

ግን ትዝታችንን ካወጣን ሙሉውን እናውጣው። በዚያው ግቢ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እነዚያው ጎረምሶች ይጎነትሏታል፣ ቀሚሷን ይጎትታሉ። ጉሊት የሚቸረችሩት እናት ያያሉ። አንድም ቀን «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ አልሰማሁም። «ተዋት፣ ውኃውን ትደፋዋለች» ነበር የሚሉት። እኔም ያኔ ነገሩ ልክ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ሰፈሩ ይጠብቅ የነበረው የእገሌን ልጅ ነው። ዘመድ የማይጠይቅላት፣ ከሩቅ የመጣች ልጅ ከዚያ ጥበቃ ውጪ ነበረች። ጸሐፊው «ሴት ትከበር ነበር» ሲሉ የትኛዋን ሴት ማለታቸው እንደሆነ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ድሮ አልነበረም፣ ከውጭ ነው የመጣው ይላሉ።

እናቴን ጠየቅኋት። በ1960ዎቹ ስድስት ኪሎ አካባቢ የምትማር ልጃገረድ ነበረች። በከተማ አውቶቡስ ስትሳፈር እጅጌዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ትሰካ እንደነበር ነገረችኝ። «ለምን?» አልኳት። «የሚለጠፍብሽን ለመውጋት ነዋ» አለችኝ፤ ዣንጥላ ለዝናብ ነው እንደማለት አቅልላ። ዘዴውን ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ ደግሞ ከጓደኞቿ ነው የለመደችው። ያኔ እንኳን ቲክቶክ፣ የቤት ስልክም ብርቅ ነበር።

ጠለፋንስ ማን አመጣው? በብዙ የአገራችን ክፍል ጠለፋ ሚስት ማግኛ አንዱ መንገድ ነበር። ልጅቷ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትያዛለች። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። ቤተሰቦቿም «እንግዲህ አንዴ ሆኗል» ብለው ይታረቃሉ። ሕጉም ለዚህ እርቅ በር ከፍቶ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ይለዋል። ነገር ግን ልጅቷ በፈቃዷ ጠላፊዋን በሕግ ካገባችው ክስ አይቀርብበትም ነበር። በጠላፊዋ ቤት የተያዘች፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?» የተባለች ልጅ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ይህ የተለወጠው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 587 አሁን ጠላፊው ቢያገባትም ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ ይደነግጋል።

በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ጠላፊን በጋብቻ ነፃ የሚያወጣው ሕግ ከቴሌቪዥኑ 8 ዓመት ይቀድማል። ልማዱ ደግሞ ሕጉን በስንት ዘመን ይቀድማል። ዛሬ ስልክ ላይ የሚታየው ነገር ልጆችን አያበላሽም አልልም። ያበላሻል። ይህን ችግር ግን አልወለደውም።

ቋንቋችንንም ልብ እንበል። ፍርሃት የማያውቀውን ጀግና ደፋር እንለዋለን። ሴትን አስገድዶ የተገናኘውንም ደፈረ እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። ይህን ከየትኛውም የውጭ ፊልም አልተዋስነውም።

ስለ አለባበስ ባጭሩ ልመልስ። ባለፈው ሁዳዴ ከአራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሼ ወጣሁ። ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሻለሁ። ቀሚሴ ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍናል። አንድ ሰውዬ ከጎኔ ሆኖ «የጸሎቷ ቆንጆ፣ ለእኔም ጸልይልኝ» እያለ እስከ ደጎል አደባባይ ተከተለኝ። መልስ ሲያጣ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ሂጃብ የምትለብስ ጓደኛ አለችኝ። መርካቶ ውስጥ የሚገጥማትን ስትነግረኝ ከእኔ በምንም አይለይም። ከአገራችን እንውጣ ካልን ደግሞ ግብፅ አለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት ባወጣው ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 99.3 ከመቶው ትንኮሳ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ግብፅ ውስጥ ደግሞ አብዛኛዋ ሴት ፀጉሯን ተሸፍና ነው ከቤት የምትወጣው።

ልጆች ለቦታውና ለጊዜው የሚስማማ ልብስ ይልበሱ የሚለው ጥሩ የቤተሰብ ምክር ነው። እኔም ለታናሽ እህቴ እላታለሁ። ነገር ግን በተጨናነቀ ሃይገር ውስጥ ከኋላ የሚለጠፍ ሰው ልብስ አይመርጥም። የምትፈራዋን ነው የሚመርጠው። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ። ሁለት እጇን ዕቃ የያዘባት። ከተማውን ገና ያልለመደች። ማን ዝም እንደምትልለት አይቶ ያውቃል።

«ወንዱ ተፈተነ» የሚለው ግን ከሁሉ በላይ አሳዝኖኛል። ወንዶቻችንን እኮ እናውቃቸዋለን። በረመዳን ቀኑን ሙሉ የታሸገ ውኃ ሲሸጥ ውሎ አንድ ጉንጭ የማይቀምስ ባለሱቅ ሰፈሬ አለ። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ቅቤ አጠገቡ የማያስደርስ፣ ማንም በማያየው ቦታ እንኳ ጾሙን የማይገድፍ ስንት ወንድ አለ። ሴትን ከምግብ ጋር ማስተያየቴ አይደለም። የማወራው ስለ ወንዱ ነው። ራስን መግዛት በዚህ አገር ከሕፃንነት ጀምሮ የሚማሩት ነገር ነው። ያ ሁሉ ጽናት ያለው ሰው ቀሚስ ሲያይ ብቻ አቅም ያጣል ማለት አባቶቻችንንና ወንድሞቻችንን አለማወቅ ነው።

ሦስተኛው፣ አብዛኛው ለከፋ አድናቆት ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል።

አድናቆት ሲሆን ያስታውቃል። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ የሚቆሙት የጥበቃ አባት «ዛሬ አምሮብሻል ልጄ» ሲሉኝ ቀኔ ይበራል። ጎዳና ላይ ያለው ግን እንዲህ ነው የሚሄደው። ከሥራ ወጥቼ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በእግሬ እየሄድኩ ነው። አንዱ «የኔ ቆንጆ» ይላል። ዝም እላለሁ። «ስሚ እንጂ፣ ምን ታካብጂያለሽ?» ይላል። እርምጃዬን እጨምራለሁ። «ድሮስ ምንሽ ያምራል!» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ስድብ ነው። ቆንጆ ከተባልኩ ገና ሃያ እርምጃ አልሄድኩም። አድናቂ ከሆነ መልስ አጣሁ ብሎ ለምን ይቆጣል? የሚቆጣው የሚገባውን የተከለከለ ስለመሰለው ነው።

ቃሉንም እዩት። ክፉ መንፈስ የያዘውን ሰው ለከፈው እንላለን። የያዘውም ነገር ልክፍት ይባላል። ለከፋም የዚሁ ዘመድ ነው። ለዚህ ነገር ስም ያወጣለት ሰው አድናቆት ሆኖ አልታየውም።

ጸሐፊው «ይህ ሁሉ ከተከለከለ ወጣቱ በምን ይተዋወቅ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እሳቸው በሚወዱት ባህል ውስጥ አለ። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውራል። ካነሳችው ፈቅዳለች። ካላነሳችው ነገሩ አለቀ። በድሮ ጊዜ ሎሚ የወረወረ ሁሉ ጨዋ ነበር ማለቴ አይደለም። ወጉን ግን ተመልከቱት። ልጅቷ ምርጫ አላት፤ ማንሳት ወይም ትታ መሄድ። ትታ ስትሄድ የሚሰድባት የለም። ለከፋ ውስጥ ይህ ምርጫ የለም። ብትመልሺለት «ፈለገችኝ» ይላል። ዝም ብትይው ኩሩ ነሽ። ብትቆጪው ደግሞ አብረውት የቆሙት ይስቁብሻል።

ሁሉን ነገር ትንኮሳ ማለት በዝቷል ላሉት ትንሽ እውነት አለው። ቀርቦ «ሰላም ነሽ? መተዋወቅ እንችላለን?» ያለና «አይ፣ ይቅርታ» ስትለው «እሺ፣ መልካም ቀን» ብሎ የሄደ ሰው ለካፊ አይደለም። እሱን ለካፊ ማለት ነውር ነው፤ እውነተኛውን ለካፊም መሸፈኛ ይሆንለታል። ልዩነቱ ያለው «አይ» ከተባለ በኋላ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው።

ዋናው ጉዳይም እዚሁ ጋ ነው። ጸሐፊው ጭምትነታችን ሴትን ያስከብራታል ይላሉ። እኔ ደግሞ ይኸው ጭምትነት፣ አሁን በያዝነው መልኩ፣ የሴትን እምቢታ ዋጋ ያሳጣው ይመስለኛል። እንዴት ቢባል፣ በመግደርደር።

እንግድነት ሄደን የምናደርገውን እናስታውስ። «ብሉ» ስንባል «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን፤ ሆዳችን እየጮኸ። ባለቤቷ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ትላለች። እንደገና እምቢ እንላለን። ሦስተኛው ላይ እጃችንን እንታጠባለን። ወዲያው እሺ ያለ ሆዳም ይባላል። አንዴ ጠይቃ የተወችም ስስታም ትባላለች። ይህ የሚያምር ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ጠያቂውም ተጠያቂውም ጨዋታውን ያውቁታል። ቢበዛ አንድ ጉርሻ አላግባብ ብንበላ ነው።

ይህን ወግ ወደ ወንድና ሴት ነገር ስናሻግረው ግን ሌላ ይሆናል። ጨዋ ልጅ ወዲያው እሺ አትልም ተብለን ነው ያደግነው። ብትወደውም መግደርደር አለባት። ካልተግደረደረች ቀላል ናት፣ የለመደች ናት፣ ባለጌ ናት። ወንዱ በበኩሉ ከጓደኞቹ የሚሰማው «የሴት ልጅ እምቢታ እሺታ ነው» የሚለውን ነው። እንግዲህ ሁለቱን ገጣጥሟቸው። ሴቷ ስትፈልግም እምቢ ትላለች። ሳትፈልግም እምቢ ትላለች። አፏ ላይ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው። እሺ የማለት መብት ስላልተሰጣት እምቢታዋም ትርጉም አጣ። አንዳንዱ ወንድ ከልቡ ግራ ይገባዋል፤ ይህን አልክድም። ብዙው ግን ግራ የገባው መምሰሉ ይመቸዋል።

አንድ ጓደኛዬ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአለቃዋ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ሰባት ወር ሙሉ እምቢ ብላዋለች። በጽሑፍም በቃልም። በመጨረሻ ነገሩ ለኃላፊዎች ሲቀርብ ሰውየው ምን አለ? «የምትግደረደር መስሎኝ ነበር።» ሊዳኙ የተቀመጡትም አንገታቸውን ነቀነቁ። ገባቸው። ሁላቸውም ያደጉበት ቋንቋ ነው። ሰባት ወር የተናገረችው ቃል እንዳልተነገረ ሆነ። ሥራዋን የለቀቀችው እሷ ናት።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወሲባዊ ትንኮሳ ትርጉም ሰጥቶታል። በቃልም ይሁን በምልክት ወይም በሌላ መንገድ፣ ሌላውን ያለፈቃዱ ለወሲብ ለማግባባት መሞከር ማለት ነው። በሥራ ቦታ ይህን ማድረግ ክልክል ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ካደረገ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው። የተመሠረተው ግን ፈቃድ በሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ደግሞ የሴትን ፈቃድ ከአፏ ሳይሆን ከዓይኗ፣ ከሳቋ፣ ከቀሚሷና ከዝምታዋ ማንበብ የለመድን ነን። አዋጁ በወረቀት ላይ ፈቃዷን ይጠይቃል፤ ጉዳዩን የሚያየው ሰው ልብ ውስጥ ያለው ግን መግደርደር ነው። የጓደኛዬ ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ስለ አሜሪካ ያነሱት ከነጥቦቻቸው ሁሉ ጠንካራው ነው። ስለ ወሲብ በአደባባይ የሚወራበት አገር ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሚ ቱ» («እኔም») የተባለው፣ ሴቶች የደረሰባቸውን ትንኮሳ ያጋለጡበት ንቅናቄ ሲቀጣጠል ስንት ጉድ ወጣ። ስለዚህ ስለ ወሲብ በግልጽ ማውራትና ገላን ማሳየት ብቻውን ወንድን ጨዋ አያደርገውም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ሥልጣን ያለው ሰው ጠያቂ ከሌለው የትም አገር ያው ነው።

ግን የፊልም ባለሀብቱ የሃርቪ ዋይንስታይን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት እንዴት ተደብቆ ቆየ? ክስ ያነሱ ሴቶች ገንዘብ እየተከፈላቸው ምንም ላለመናገር ይፈርሙ ነበር። ያቆየው ዝምታ ነው። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ በዚያው አገር ወሲባዊ ትንኮሳ በስሙ መጠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኢታካ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ሴቶች ተሰብስበው በሥራ ቦታ የደረሰባቸውን ተናገሩ። ስም ያገኘውም ያኔ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሕገወጥ መድልዎ ነው ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት አገር የሚያሳየን ዝምታ ሲሰበር የሚወጣውን ነው። ወደ ዝምታ እንመለስ የሚለውን ሐሳባቸውን አይደግፍላቸውም።

የቀረው የመጨረሻው ሐሳባቸው ነው። ልጆች ስለ ወሲብ ባያውቁ ይሻላል፣ ዝምታ ይጠብቃቸዋል ይላሉ። ብዙ ወላጆች ከልባቸው እንዲህ ያምናሉ፤ ከፍቅር የመጣ ፍርሃት ነው። የአገራችን ሁኔታ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። 10 ከመቶው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ 66 ከመቶው እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም ሰውም አልተናገሩም። ለማንም። ለእናታቸውም፣ ለእህታቸውም። ከዚህ በላይ ጭምትነት ከየት ይመጣል? ጠብቋቸዋል ወይ?

ልጆች ከተማሩ ይባልጋሉ የሚለውም አልተገኘም። ዩኔስኮ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ዕድሜን ያገናዘበ ትምህርት ልጆችን ወደ ወሲብ እንደማያስቸኩል ነው ያገኘው። እኔ ግን ከጥናቱ ይልቅ ባለፈው ዓመት ያየሁት ነው የማይረሳኝ።

አሁን የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የጎረቤቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ ልክ አይደለም። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ሰውዬው ነካኝ» አለች። «የት?» አልኳት። ዝም አለች። እንደገና ጠየቅኋት። የምትለው ቃል አልነበራትም። ቤቷ ውስጥ ያ የሰውነት ክፍል ስም የለውም። በጨዋ አማርኛ ያለን ስም «ሀፍረተ ሥጋ» ነው፤ እሱንም አልሰማችውም። ብትሰማውም ስሙ ራሱ ዝም በይ ይላታል።

እናቷ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ነው። ሰው ነገ እንዳይጠቋቆምባት ፈርታ ነው። አልፈረድኩባትም። ሌሊቱን ሁለታችንም ስናለቅስ አደርን። ጠዋት ግን ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ያለችው ፖሊስ ወጣት ናት፤ ልጅቷን «እናቴ» እያለች ነው የምታናግራት። የመጀመሪያው ጥያቄዋ «የት ጋ ነው የነካሽ?» የሚል ነበር። ቃሏን በወረቀት ማስፈር አለባት። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ወለሉን አየች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ፖሊሷ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ነጭ ወረቀት አወጣችና የሴት ልጅ ምስል ሳለችበት። እስክሪብቶውን ለልጅቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ነጥብ አደረገች።